የሚያልበው ግድግዳ

ቆርኬ ሊደርሱ ሲቃረቡ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጃኬትና ሹራቡን ማውጣት ጀመረ። ውጭ ቀትር ነው። ሹፌሩ እርጥብ ፎጣ አናቱ ላይ ጣል አድርጓል፤ የመስኮቶቹ መጋረጃ ፀሐይ በልታው ሳስቷል። በዚህ ሰዓት ሰው ሹራብ ሲደርብ ማየት ለአስካለ እንግዳ ነገር ነበር። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ «አንቺ የምትደርቢው አልያዝሽም እንዴ?» አሏት።

«ቆላ አይደል የምንሄደው?»

«ቆላ ነው» አሉ ሴትዮዋ።

አውቶቡሱ ከተማው ውስጥ አይገባም። ከበሩ ወዲህ ሰዉን ያራግፍና ይመለሳል። በር ይባል እንጂ መዝጊያ የለውም፤ ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች ናቸው። ዘበኛም አልቆመበትም። አስካለ ሻንጣዋን እየጎተተች በምሰሶዎቹ መሐል ስታልፍ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን በረዳት፤ ቀጥሎ ጉልበቷን፤ ከዚያ ወገቧን፤ ልክ ወንዝ ውስጥ እየገባች እንዳለች። ቀና ብላ አየች። ፀሐይዋ እንደነበረችው አናቷ ላይ ናት። ብርሃኗ ይወርዳል፤ ሙቀቷ ግን አልወረደም።

አስካለ ላፌቦ አዳማ ውስጥ ፀጉር የምትሠራ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። አግብታ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። ወደ ቆርኬ የመጣችው የታናሽ እህቷን የወይኒቱን ልጅ ሀሴትን ለመዳር፣ ለሙሽራዋም ሹሩባ ለመሥራት ነው። እህትማማቾቹ ከተያዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ወይኒቱ የማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኛ አግብታ እዚህ ከተማ ከገባች ወዲህ አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም። ነይ ስትባል «አንቺ ነዪ» ነበር መልሷ።

ፋብሪካው ጨርቅ ያቀልማል። ለዚህም የፈላ ውሃና እንፋሎት ይፈልጋል። ድሮ ውሃው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሙቀቱን እንደያዘ ቦይ ውስጥ ይደፋ ነበር ይባላል። ሰዉ «መምጠጫው» የሚለው ማሽን የመጣው ያንን የሚባክን ሙቀት መልሶ ለመያዝ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ጨዋማ ፈሳሽ ተን ይጠማዋል፤ ተኑን በጠጣ ቁጥር ለብ ካለ ነገር ሁሉ ላይ ሙቀት እየቀማ ለእንፋሎቱ ያቀብላል። ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ከፍሳሹ ወሰደ፤ ቀጥሎ ከማሽኖቹ፤ ቀጥሎ ከአዳራሾቹ። ነዳጅ እየተወደደ ሲሄድ ቱቦው ወደ ሠራተኞቹ መንደር ተዘረጋ። ቆላ ነውና ሰዉ ተደሰተ። ቤቱ ቀዘቀዘ፤ ሕፃናት በሙቀት መሞታቸው ቀረ። በኋላ ከተማው በሙሉ ለእኛም አስገቡልን አለ። አሁን ቱቦው ከግድግዳው፣ ከጣራውና ከመንገዱ ሥር አለ፤ ቱቦ የሌለበትን ቤት የሚያስታውስ ሰውም የለም።

ወይኒቱ በሩ ላይ ጠበቀቻት። እህቷን አቀፈቻት፤ አቀፈቻትና አልለቀቀቻትም። ጉንጯ ከምንጭ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«እንዴት ትሞቂያለሽ፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ እንደ ሙገሳ አድርጋ።

ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠውን ወንበር ሰጠቻት። የእንግዳ ቦታ ነው። አስካለ ተቀምጣ ጥቂት እንደቆየች ከጀርባዋ ያለው ነጭ ግድግዳ ነጠብጣብ አወጣ፤ ነጠብጣቡ ተያይዞ መውረድ ጀመረ። ወይኒቱ ጨዋታዋን ሳታቋርጥ ጨርቅ አንስታ ጠረገችው፤ ሌላ አገር አቧራ እንደሚጠረገው። በቆርኬ ግድግዳው ያልበዋል። ሰውን ግን ላብ አያውቀውም።

ሌላውን ነገር አስካለ በቆይታዋ አየችው። ወጥ ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ፣ በቁም ይበላል። ቅቤ በቢላ ጀርባ ይሰበራል። ዝንብ የለም። ውሻም የለም፤ ውሾቹ ከበሩ ውጭ ይኖራሉ፤ ሲጠሯቸው እስከ ምሰሶው ድረስ ጭራቸውን እየቆሉ መጥተው እዚያው ይቆማሉ። አራስ ያለችበት ቤት ጎረቤት አይጠፋውም፤ ሕፃኑ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል፤ እናትየው ዓይኗን ከልጇ ላይ አታነሣም።

በማግስቱ ሴቶች መጡ። ፀጉር የምትሠራ እንግዳ መምጣቷን ሰምተው ነው። አግዳሚው ላይ ተርታ ይዘው ተቀመጡ። አስካለ የመጀመሪያዋን ሴት ፀጉር ከፍላ ጣቷን የራስ ቅሏ ላይ ስታሳርፍ ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ሌሎቹም አብረዋት ተነፈሱ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። ሴቶች በተሰበሰቡበት ቦታ እንዲህ ያለ ዝምታ አስካለ ሰምታ አታውቅም።

ጦቢያ የሚባሉ አሮጊት ተራቸው ሲደርስ ሻሻቸውን አልፈቱም። «ሹሩባው ይቅርብኝ ልጄ» አሏት። «እጅሽን ማጅራቴ ላይ ብቻ አሳርፊልኝ።»

አሳረፈችላቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ቀስ ብለው ወደ አስካለ ተጠጉ፤ ማንም አልገፋ፣ ማንም አልተጋፋ። ሲጨርሱ አመስግነዋት፣ መርቀዋት ወጡ። አስካለ ማበጠሪያዋን ልታነሣ ስትል ጣቶቿ አልታዘዙላትም። ሀሴት አነሣችላት።

ሀሴት ቀጭን፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። የተወለደችው እዚሁ ነው። እጮኛዋ ናኦል ከውጭ ነው፤ በቆርኬ አጠገብ የሚያልፈውን መንገድ ሲሠራ፣ ውሃ ሊቀዳ ገብቶ ነው የተዋወቁት።

በቆርኬ ሊጥ ስለማይቦካ እያንዳንዱ ቤት ቡሃቃውን ከበሩ ውጭ ወዳለው ዳስ ይልካል። ከወይኒቱ ቤት ይህ ሥራ የሀሴት ነው። አስካለ አንድ ቀን አብሬሽ ልሂድ አለቻት። ቡሃቃውን ዳሱ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ልጅቷ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ከዳሱ ጀርባ፣ ጥላ የሌለበት ቦታ ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አውርዳ ፊቷን ለፀሐይ ሰጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለቻት አስካለ።

«እየለመድኩ።» ፊቷ ወዲያው ቀላ። «ናኦል አዳማ እንኖራለን ብሎኛል። እዚህ የተወለደ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይወጣም፣ እቴቴ። የጎረቤታችን ልጅ አምና ተሞሽራ ወጣች። መንገድ ላይ ወደቀች፤ መልሰው አመጧት። አሁን ደህና ናት። ግን በዚህ በር በኩል አታልፍም፤ መንገድ ትቀይራለች።»

«ምን ሆና ወደቀች?»

«ላብ አልመጣላትም። ውስጧ ፈላ።» ሀሴት ግንባሯን በመዳፏ ጠርጋ አሳየቻት። መዳፏ ደረቅ ነው። «እኔም ገና አልመጣልኝም። ሲመጣ ያማል?»

«አያምም። ትንሽ ያሳክካል።»

ልጅቷ ይህንን በጥሞና ሰማች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ሊጥ አድርሳ ከጓደኞቿ ጋር እያወራች ነው ብላ ነው የምታስበው።»

አስካለ ከዳሱ ጥላ ሥር ሆና የእህቷን ልጅ አየቻት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ደም ለብሷል፤ ግን አልተነሣችም።

«ለምንድነው እንዲህ የምትሰቃዪው? እዚህ ምን ጎደለሽ?»

«እዚህ ሰው ሲያቅፈኝ ወድዶኝ ይሁን በርዶት አላውቅም» አለች። «እናቴም ስታቅፈኝ አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ናኦል ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት መጣ። ትከሻው የሰፋ፣ አንገቱና ክንዱ በፀሐይ የከሰለ ጎልማሳ ነው። የእንግዳውን ወንበር ሰጡት። ግድግዳውን ሲደገፍ ዓይኑ ተከደነ፤ ትንሽ ቆይቶም ሳያስበው ፈገግ አለ። ግድግዳው ከጀርባው እንደ ቧንቧ መውረድ ጀመረ። ወይኒቱ ጨርቋን ይዛ ከጎኑ ቆመች፤ አልጠረገችም፤ የሚወርደውን ውሃ ታይ ነበር።

ሲሄድ አስካለ እስከ በሩ ሸኘችው።

«አዳማ ቤት አገኛችሁ?» አለችው። «ከእኔ ሰፈር ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

ናኦል ቆመ። «እናቷ አልነገሩዎትም?»

«ምኑን?»

«እዚሁ ነው የምንቀመጠው። ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ተገኝቶልኛል። እትዬ ወይኒቱ ናቸው የጨረሱልኝ።»

«ሀሴት ታውቃለች?»

«ስገባ ታያለች። ደስ ይላታል።»

«ደስ ባይላትስ?»

ናኦል ከምሰሶዎቹ ወዲያ ያለውን መንገድ አየ። አስፋልቱ ከሩቅ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። «እርስዎ ጥላ ሥር ነው የሚሠሩት» አላት፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔ አስፋልት ነው የማነጥፈው። ባለፈው አንዱ ጓደኛችን አካፋውን እንደተመረኮዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሚቀልድ መስሎን ሳቅን። ቆሞ ነው የሞተው። እዚህ መጀመሪያ የገባሁ ቀን እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩና፣ ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ስቃጠል ነው የኖርኩት አልኩ።»

«ግድግዳው ሙቀትህን ይወስድብሃል እኮ፣ ናኦል። ሁላቸውንም አይተሃቸዋል።»

«ይውሰድ» አለ። «እኔ ዘንድ የተረፈ ነው።»

አስካለ ስትመለስ ወይኒቱን ግድግዳ ስትጠርግ አገኘቻት። ሻሿን እንኳ ሳትፈታ ጠየቀቻት። ወይኒቱ አልካደችም፤ ድምፅዋንም አላነሣችም።

«ሎምባሞ በሕይወት እያለ ሦስት ነበርን» አለች። ሎምባሞ የሞተው ባሏ ነው። «እሱ ሲሞት ግድግዳው የእሱን ድርሻ ከእኔና ከልጄ መውሰድ ጀመረ። እሷ ብትሄድ ደግሞ ከእኔ ብቻ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው እዚህ አገር አይከርምም፣ እትዬ። ጠዋት ጎረቤት ሲያንኳኳ እንደተቀመጠ ደርቆ ያገኘዋል።»

«ታዲያ ቱቦውን አይዘጉልሽም?»

«ጠየቅኳቸው። ከፋብሪካው አንድ ሰውዬ መጣ። በጣም ትሑት ነው። አንድ ቤት ከተዘጋ የሰፈሩ መስመር ይቆማል አለኝ። ‹ማንንም አላስገደድንም፤ በሩ ክፍት ነው› አለኝ።»

«እንግዲያው ውጪ። እኔ ጋ ነዪ።»

ወይኒቱ ፈገግ አለች። «በዚህ ገላዬ? እስከ አውቶቡሱም አልደርስ።» ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመቀች። ቀና ሳትል፣ «አንቺ ብትቆዪልኝ እለቃታለሁ» አለች። «ለናኦልም ራሴ እነግረዋለሁ። አንቺ ብቻ ቆዪልኝ።»

አስካለ እህቷን ትወዳታለች፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያላትን ሁሉ ስታካፍላት ኖራለች። አሁን ግን ዓይኗ ጥግ ወዳለው ሻንጣዋ ሄደ። ወይኒቱም ደግማ አልጠየቀቻትም። ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞረች።

ሰርጉ ነገ ሊሆን ዛሬ አስካለ ሙሽራዋን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ሹሩባ ጀመረች። ከግንባሯ ተነሥታ ወደ ኋላ እየጎነጎነች የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻት፤ የናኦልን፣ የእናቷን፣ እናቷ አስካለን ቆዪልኝ ማለቷንም። ሀሴት አንገቷን አላዞረችም። «እኔን ወድዶ ነው ወይስ ግድግዳውን?» አለች።

«እንጃ ልጄ። እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።»

«ነገ እጠይቀዋለሁ» አለች ሀሴት። «አጥብቀሽ ጎንጉኚው፣ እቴቴ። ረጅም መንገድ ይችል።»

ሰርግ ባለ ቀን ፋብሪካው ተጨማሪ ፈረቃ ያስገባል። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነውና ቱቦዎቹ ይሞላሉ፤ የቀለም ገንዳዎቹ ሁሉ ይከፈታሉ። በዚያን ቀንም ጭስ ማውጫው ከረፋዱ ጀምሮ ነጭ እንፋሎት ሲለቅ ነበር። የቆርኬ ሰው ጋቢውን ደራርቦ በሩ አጠገብ ተሰብስቧል። የሙሽራው ወገን ከበሮ እየመታ፣ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ማዶና ማዶ ቆመው ተያዩ፤ ያኛው ይጨፍራል፣ ይኸኛው ያጨበጭባል። የቆርኬ ጭብጨባ ድምፁ ደረቅ ነው።

ሀሴት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ አስካለ የቬሎውን ጫፍ ይዛ ተከተለቻት። ናኦል ሙሉ ልብስ ለብሷል። በሁለቱ ምሰሶዎች መሐል ተገናኙ።

«ና እንሂድ» አለችው ሀሴት።

«ወዴት?»

«አዳማ። እንዳልከኝ።»

ናኦል ሳቅ ብሎ ዙሪያውን አየ። «ሰው እያየን ነው፣ ሀሴትዬ። ቤት ገብተን እንነጋገራለን።»

«እዚሁ ንገረኝ። ትወጣለህ?»

ናኦል በትከሻዋ አሻግሮ ነጫጭ ግድግዳዎቹን፣ ጥላ የሞላበትን መንገድ፣ ወይኒቱን አየ። ሊዋሻት ይችል ነበር፤ አልዋሻትም። «ደክሞኛል» አለ።

ሀሴት እጁን ስባ በሁለት እጇ ያዘችው። ትንሽ ያዘችውና ለቀቀችው። ከዚያ በጎኑ አልፋ ወጣች፤ አስካለም ተከተለቻት።

የከለከላት የለም። የፋብሪካው ትሑት ሰውዬ ከተጋባዦቹ መሐል ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለና «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አላት። ወይኒቱ ከምሰሶው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቆማለች። ልጇን አየቻት፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለች አልተሰማም። ከዚያ ዞር ብላ ናኦልን ክንዱን ያዘችው። አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ከበሮው እንደገና ተመታ፤ ሚዜዎቹም ግራ እንደተጋቡ ሙሽራውን ተከትለው ገቡ።

ሰርጉ አልተቋረጠም። አስካለ ከውጭ ሆና አየችው። ሰዉ ናኦልን ከብቦ እጁን ይጨብጣል፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይይዛል፤ አሮጊቷ ጦቢያ መዳፋቸውን ጉንጩ ላይ አሳርፈዋል። ናኦል ለሁሉም ፈገግ ይላል። ሙሽራዋ የት ሄደች ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማችም።

የሙሽራው መኪና ሹፌር ነገሩን ከሞተሩ ኮፈን ላይ ተቀምጦ ሲያይ ቆይቶ ነበር። ምንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተላቸው።

ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ሀሴት መናገር አቆመች። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ቆዳዋ ግን ደረቅ ነው፤ ሲነኩት ያቃጥላል። አስካለ መኪናውን አስቁማ ከድልድይ ሥር፣ ጥላ ውስጥ አስተኛቻት። የያዙትን ውሃ ሁሉ በቀሚሷ ላይ አፈሰሰችባት። ሹፌሩ በአንድ ካርቶን ያራግብላታል። «ስሜን ጥሪው» አለቻት አስካለ። «እኔ ማነኝ? ጥሪኝ።» ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች፤ አልጠራቻትም። ሹፌሩ ወደ ቆርኬ እንመልሳት አለ። አስካለ እሺ ልትል ነበር።

ያኔ የልጅቷ የላይ ከንፈር ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ አየች። ያፈሰሰችው ውሃ መሰላት። በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አደረቀችው፤ ጠበቀች። ተመልሶ መጣ። ግንባሯንም ጠርጋ አደረቀችው፤ እሱም ተመልሶ መጣ፤ በጆሮ ግንዷ በኩል ወረደ።

ሀሴት በፍርሃት እጇን ወደ ፊቷ ላከች። «ይሄ ምንድነው?» አለች።

«የራስሽ ነው» አለቻት አስካለ፣ እያለቀሰች። «ተይው ይውረድ።»

ሀሴት አዳማ ከአክስቷ ጋር መኖር ጀመረች። የፀጉር ሥራ ለመደች። መጀመሪያ ደንበኞች እጇ ይቀዘቅዛል ይሉ ነበር፤ ኋላ ማለቱን ተዉት። እሑድ እሑድ ለእናቷ ትደውላለች። ወይኒቱ ደህና ናት። ናኦልም ደህና ነው፤ ገንዳ ክፍል ይሠራል፤ ከሥራ ሲመለስ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል። የሀሴትን ክፍል እናቷ ለእሱ ሰጥታዋለች። ስለ ሰርጉ እናትና ልጅ አንሥተው አያውቁም።

በአንዱ እሑድ ወይኒቱ፣ «ሊያናግርሽ ይፈልጋል» አለቻት። ሀሴት ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር፤ አስካለ ከውስጥ የአንዲት ሴት ፀጉር ታጥባለች። ናኦል ሰላምታ ሰጣት። ቃላቱ ተራርቀው፣ አንድ በአንድ ነበር የሚመጡት።

«አሁን ውጭ ይሞቃል?» አላት።

«በጣም። ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ነው።»

ስልኩን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ተሰማት።

«እንዴት ነበር?» አለ።

«ምኑ?»

«ሙቀት። ሌት ተቀን አስበዋለሁ፤ አልመጣ አለኝ። ለእትዬ ወይኒቱም ልነግራቸው እሞክርና ይጠፋብኛል።»

ሀሴት ልትመልስለት ፈለገች። ያቃጥላል ልትል አሰበች፤ ያሳክካል ልትል አሰበች። ከደጃፉ ጥላ ወጥታ መንገዱ መሐል ቆመች፤ ስልኩን መዳፏ ላይ አጋድማ ለፀሐይ ያዘችው። መንገደኛ እያያት አለፈ። አስካለ ከመስኮት ጠራቻት፤ ሀሴት ግን ከፀሐይ አልወጣችም። ላቧ በአንገቷ እየወረደ፣ ክንዷ እስኪዝል ድረስ እንደዚያው ቆየች።

በኋላ ወደ ጆሮዋ ስትመልሰው ስልኩ አቃጠላት። መስመሩ አልተዘጋም። ወዲያ ማዶ ናኦልና እናቷ ሲተነፍሱ ይሰማል፤ አፋቸውን ወደ ስልኩ በጣም አስጠግተዋል።